የገራዶ ጎረቤቴ ውሾች ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻሉ፤ ምን ላድርግ?

የገራዶዋ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ሙጋድ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ገራዶ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሠርተን ከእናቴ ጋር ገብተናል። አየሩ፣ የቀኑ ጸጥታ፣ ጠዋት ከጦሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ጉም፣ ሁሉም እንደተመኘነው ነው። ሌሊቱ ግን የእኛ አልሆነም፤ የጎረቤታችን ውሾች ወስደውታል።

ሁለት ናቸው። አንደኛው ገብስማ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ደረቱ የሰፋ ውሻ ነው። ከአዛውንቱ ጎረቤታችን በር ፊት ለፊት፣ ከእግር መንገዱ ዳር ባለች ባሕር ዛፍ ላይ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ እዚያው ያድራል። ሰንሰለቱ እስከሚያደርሰው ድረስ መሬቱን ረግጦ ረግጦ እንደ አውድማ ስላደረገው ሣር የሚባል አይበቅልበትም። ሁለተኛዋ ትንሽ ቀይ ውሻ ናት። እሷ አትታሰርም፤ እሱ ሲጀምር ትቀበለዋለች። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራሉ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይብስባቸዋል፣ እናቴ ለኪዳን ስትነሣ ገና አልጨረሱም። እኔ ደግሞ በማግስቱ 60 ልጆች ፊት የምቆም ሰው ነኝ።

አዛውንቱን ሰላም ስላቸው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ እንጂ ቆመው አነጋግረውኝ አያውቁም። ሲመሽ ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያማርሩ ይሰማል። እናቴ «ሰውየው ዛሬም ሆድ ብሷቸዋል» ትላለች።

የማምንበትን ልናገር። ውሻ የጌታውን ልብ አይቶ ይጮኻል። ሙጋድ ሳለን አንድ ባለጸጋ ጎረቤት ነበሩን። ውሻቸው መኪና ሲገባ ጭራውን ይቆላል፤ የኔ ቢጤ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ግን ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይደርሳል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ ጌትየው ማንን በምን ዓይን እንደሚያዩ ዕለት ዕለት ስለሚያይ ነው። ከእነርሱ ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ ደግሞ በየወሩ ዝክር የሚያወጡ እናት ነበሩ። የእሳቸው ውሻ ድኻ ሲመጣ ከበሩ ተነሥቶ መንገድ ይለቅ ነበር። በወንጌል ስለ አልዓዛር ሲነበብ ሁልጊዜ የማስበው እነዚህን ሁለት ቤቶች ነው፤ ባለጸጋው ዞር ብሎ ያላየውን ሰው ቁስሉን የላሱለት ውሾች ናቸውና።

እናም ከዚህ ተነሥቼ የአሁኑ ጎረቤቴ ሰው የማይወዱ ሰው ናቸው ወደሚል ደርሻለሁ። ሽማግሌ ልላክ? ለቀበሌ ላመልክት? ወይስ ልቻለው? ያያችሁትን ንገሩኝ።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ግን ገጠር ገብቶ ውሻ ጮኸብኝ ማለት ወንዝ ዳር ሰፍሮ ውኃው ጮኸብኝ እንደ ማለት ነው። የማይጮኽ ውሻ ለምን ይቀለባል? የአጎቴ ውሻ ዝምተኛ ነበር፤ በአንድ ሌሊት አራት በግ ሲወሰድ ድምፁን ያሰማው ጠዋት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ደርሶብናል። ከውሻ ጩኸት ተነሥቶ የሰውን ልብ መመርመርም ይከብደኛል፤ ውሻ ውሻ ነው።

ስሜ ይቅር፦

እኛ ሰፈር ያስቸገረ ውሻ ነበር። አንድ ማታ ሥጋ ውስጥ መድኃኒት ተደርጎ ተጣለለት፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፋችንን እንተኛለን። ሌላው ወሬ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ከቦሩ ሜዳ፦

ከላይ ያለውን ምክር የሰጡት ሰው፣ እባክዎን ያንሡት። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥጋ የተጣለበት መንደር ተጠርቼ ሄጃለሁ። የታሰበው ውሻ ሞቷል፤ የሁለት ቤት ድመት ሞቷል፤ በማግስቱ ደግሞ ሬሳውን ሊበሉ የወረዱ ሦስት ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ዘርግተው መስኩ ላይ ወድቀው አገኘናቸው። ከሁሉ የሚያስደነግጠው፣ አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጃቸው ከዚያው ሥጋ አንድ ቁራጭ በእጁ ይዞ አግኝተው ከጣቶቹ መካከል ፈልቅቀው እንደጣሉት ነገሩኝ። መርዝ ስም ለይቶ አይገድልም።

ወደ መምህርቷ ልመለስ። ውሻ ያለ ምክንያት አይጮኽም፤ ምክንያቱ ለእኛ ስለማይሰማን ነው እንዲያ የሚመስለን። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ (በሴኮንድ 20,000 ንዝረት) የሚደርስ ድምፅ ይሰማል፤ የውሻ ጆሮ ግን ከ40,000 ያልፋል፤ ለእኛ እጅግ ደካማ የሆነውን ኮሽታም ይለያል። ጩኸቱም አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የሃንጋሪ ተመራማሪዎች በተለያየ ሁኔታ የተቀዳ የውሻ ጩኸት ለሰዎች አሰምተው ነበር። ውሻ አሳድገው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ብቻውን ታስሮ የቀረውን ውሻ፣ እንግዳ ያየውንና በጨዋታ ላይ ያለውን በግምት ከሚገኘው በላይ መለየት ችለዋል። እርስዎም አንድ ሌሊት ተነሥተው ጆሮዎን ይስጡት። እንግዳ ያየ ውሻ ድምፁ ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ሳያቋርጥ ይከታተላል። ብቻውን የቀረ ውሻ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ይጮኽና ያርፋል፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን ከጩኸቱ በላይ ያሳስበኛል፤ ውሾቹ ተከትበዋል ወይ? ቡችላ በሦስተኛ ወሩ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች 99 በመቶ ያህሉን የሚያሲዛቸው ውሻ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። «ቁስሉ ትንሽ ናት» ብለው ቤት የዋሉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነው የምደጋግመው።

ይህን ካነሣሁ አይቀር፣ ክትባቱ የሚጠቅመው ለግቢያችን ብቻ አይደለም። እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም የቀሩት ዐዋቂዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። ከከብት ጠባቂ ውሾች የተላለፈ ይኸው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ያልተከተበ አንድ ውሻ የት ድረስ እንደሚደርስ አስቡት።

ጠበቃ ከአራዳ፦

ሕጉን ላስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለንብረት በጭስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅ ወይም በመሳሰለው ከመልካም ጉርብትና ወሰን አልፎ ጎረቤቱን እንዳያስቸግር ይከለክላል። አንቀጽ 2071 ደግሞ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳያስበው አምልጦት ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ መብት አለዎት። ነገር ግን ብዙ የጎረቤት ክርክር አይቻለሁ፤ ፍርድ ቤት የገቡ ጎረቤታሞች ፍርዱን ካገኙ በኋላም በአንድ መንገድ መመላለሳቸው አይቀርም። መጀመሪያ በሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) በኩል ይሞክሩት። በአንድ ቅሬ የሚቀባበሩ ሰዎች በውሻ አይካሰሱም።

ከኮምቦልቻ፣ የፈረቃ ሠራተኛ፦

መምህርት፣ ስለ ሙጋዱ ባለጸጋ የጻፍሽውን እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ኮምቦልቻ ውስጥ በየግቢው የኪራይ ክፍል በዝቷል፤ እኛም ከየወረዳው የመጣን ሴቶች ሦስት አራት ሆነን እንከራያለን። ማታ ከፈረቃ ወጥተን በእግር ስንገባ የሰፈሩ ውሾች ይቀበሉናል። ድንጋይ በእጃችን ይዘን ነው የምንሄደው።

የመጀመሪያዋ አከራዬ የገባሁ ዕለት እጄን ይዘው ወደ ውሻቸው ወሰዱኝ። መዳፌን አሸተተ። ከዚያ እንጀራ በወጥ ነካክተው በእኔ እጅ አስጎረሱትና «ይህች የቤት ልጅ ናት» አሉት፤ ልክ ለሰው እንደሚነገር። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸብኝም፤ ጭራሽ እስከ መንገዱ ጥግ እየወጣ ይጠብቀኝ ጀመር። ቀጥሎ የተከራየሁበት ግቢ ግን ስድስት ወር ኖሬበት ውሻው እንደ ሌባ ነበር የሚያየኝ። አከራዩም እንደዚያው፤ ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ «የሦስተኛዋ ክፍል» ነበር የምባለው። ስለዚህ የሰኞ ገበያው ወንድሜ ውሻ ውሻ ነው ቢልም እኔ አልስማማም።

የኩታበር ልጅ፦

መምህርት፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የውሾቹ ስም ማን ነው?

የገራዶዋ መምህርት፦

አላውቀውም። ስም ምን ያደርግልሻል?

የኩታበር ልጅ፦

ብዙ ያደርጋል። በእኛ አገር ገበሬ ለውሻው ስም የሚያወጣው ውሻውን ለመጥራት ብቻ አይደለም፤ በአፉ ሊናገረው ያልቻለውን ለጎረቤት የሚልክበት ነው። ፊት ለፊት ቢናገር ጠብ ይሆናል፤ ውሻውን ቢጠራ ግን ማን ይከሰዋል? አያቴ ከወንድማቸው ጋር በድንበር በተቃቃሩበት ዓመት ውሻቸውን «ተካፍለን» አሉት። ማታ ማታ ከወንድማቸው ቤት ወዲያ ማዶ ቆመው «ተካፍለን! ተካፍለን!» እያሉ ይጣሩ ነበር። ወንድምየው ይሰማል፤ ምን ይበል? ከታረቁ በኋላ ውሻው ስምንት ዓመት ኖሯል። አያቴ ግን ያንን ስም ዳግመኛ አልጠሩትም። በፉጨት ብቻ ነበር የሚጠሩት፤ እኛም ልጆቹ በፉጨት እንድንጠራው ታዘዝን።

ሌላዋ የመንደራችን ሴት ዕቃ ጠፋ ተብሎ ያለ ማስረጃ ተጠርጥረው ነበር። ውሻቸውን «እሱ ያውቃል» አሉት። አንቺ ሰውየው ሲመሽ ያማርራሉ አልሽ። ምን እያሉ ነው የሚያማርሩት? ቃሉን ሰምተሽው ታውቂያለሽ?

የገራዶዋ መምህርት፦

ጥያቄሽን ካነበብሁ በኋላ ዛሬ ማታ ውጭ ቆሜ አዳመጥሁ። ሁለት ቃል ነው የሚሉት። «ማን ቀረኝ! ማን ቀረኝ!» ይላሉ። እኛ የብሶት ቃል ነው ብለን ነበር። ገብስማው ግን በጠሩ ቁጥር ተነሥቶ ሰንሰለቱን እየጎተተ ወደ እሳቸው ይዞራል።

ሐኪሙ እንዳሉትም ሌሊት ተነሥቼ ጆሮዬን ሰጠሁት። ቀጭን ነው። ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ይቆይና እንደገና ይጀምራል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻ ድምፁ ተለውጦ ይወፍራል። አንድ ዓመት ሙሉ ስሰማው አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ከጢጣ፦

በረካ ያለው ውይይት ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሰው «ሙስሊም ውሻ ይጠላል» ይላል። እንዲህ ማለት ሃይማኖቱን አለማወቅ ነው። የውሻ ለሃጭ የነካውን ዕቃ በእኛ የሻፊዒን መዝሀብ (የሕግ ትምህርት) በምንከተል ዘንድ ሰባት ጊዜ እናጥባለን፤ አንዱን ጊዜ በአፈር። ያ የጠሃራ፣ የንጽሕና ጉዳይ ነው እንጂ ጥላቻ አይደለም። ለከብት፣ ለእርሻና ለአደን ውሻ መያዝ ተፈቅዷል። በጥም ምላሱን አውጥቶ እርጥብ አፈር ለሚልስ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው አላህ ይቅር እንዳለው በሐዲስ ተነግሮናል። በየጁምዓው በምንቀራው የቁርኣን ምዕራፍ፣ በሱረቱል ከህፍም የዋሻው ባልደረቦች ውሻ በደጃፉ ላይ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ እንደነበር አብሯቸው ተጠቅሷል። ወሎ ውስጥ በግ ያለው ሙስሊም ቤት ሁሉ ውሻ አለው፤ ቤት አይገባም፣ ዕቃው ይለያል፣ ግን አይራብም። አዛውንቱን ሂጂና አነጋግሪያቸው።

ከቧንቧ ውሃ፦

ጢጣ ያለው ወንድሜ ስለ ዕቃው የጻፈው አንድ ነገር አስታወሰኝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤታችንን ዘግተን በእግር ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፤ ከዚያም ደብረ ብርሃን ደረስን። ውሻችንን ፈትተን ለቀቅነው። ሊከተለን መጣ። ታላቅ ወንድሜ ድንጋይ አንሥቶ ወረወረበትና ተመለሰ። የሐረጎን ቁልቁለት እስክንወርድ ድረስ ማናችንም አልተናገርንም።

በታኅሣሥ ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ቤቱ ባዶ ነው። ውሻው ደጃፉ ላይ ተኝቷል። ከስቷል፣ ግን በረኃብ የኖረ ውሻ አይመስልም። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩ እማማ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ መሄድ አልቻሉም ነበር። እኒህ ሴት ከዚያ በፊት ለዓመታት «ይህ ውሻ ውዱዬን (ለሶላት መታጠቤን) ሊያበላሽብኝ ነው» እያሉ የሚቆጡን ናቸው። ለካ በየቀኑ፣ ራሳቸው የሚበሉት ሳይተርፋቸው፣ የተሰበረ ድስት ገል ላይ የገብስ ቂጣ በውኃ አርሰው በዱላ እየገፉ ያቀርቡለት ኖሯል። ገሉ ከአጥራችን ሥር ተቀምጦ አገኘነው። እናቴ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ይዘው አስነሷት። «ሌሊት እሱ ሲጮኽ መንደሩ ባዶ አልሆነም ብዬ እተኛ ነበር» አሉ።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦

ይህን ካነበብሁ በኋላ የምጨምረው የለኝም። እማማ በሕይወት አሉ?

ከቧንቧ ውሃ፦

አሉ፤ አልሐምዱሊላህ። ውሻው ነው ዐምና የሞተው። ገሉን እናቴ አስቀምጣዋለች።

የገራዶዋ መምህርት፦

እሑድ ከእናቴ ጋር ሄድን። እናቴ ትኩስ ዳቦ በመሶብ ይዛለች። አዛውንቱ ሲያዩን መጀመሪያ ልንከሳቸው የመጣን መሰላቸው፤ «የውሻው ነገር ነው?» ብለው ቆሙ። እናቴ «ለቡና ነው የመጣነው» ስትል በርጩማ ፍለጋ ገቡ። ቤታቸው ውስጥ ያለው አንድ በርጩማ ብቻ ነበር።

ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ሁለቱ ወንዶች በየመን በኩል አድርገው ሪያድ ገብተዋል፣ ሴቷ ቤሩት ናት። ባለቤታቸውን የቀበሩት ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ በዚያው ሰሞን የመጣላቸውን ቡችላ «ማን ቀረኝ» አሉት። ቀይዋ «ቡቺ» ትባላለች፤ ስሙን ያወጣችላት የልጅ ልጃቸው ናት፣ እሷም አሁን ከአያቷ ጋር አትኖርም። ሰላም ስላቸው ቆመው የማያነጋግሩኝ ለምን እንደሆነም ገባኝ፤ በቀኝ ጆሯቸው አይሰሙም፣ እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በዚያ በኩል ነው የማልፈው።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። ውሻው ለምን እንደታሰረ ጠየቅኋቸው። ሊነግሩኝ አልፈለጉም፤ እናቴ አጥብቃ ስትይዛቸው ነው የተናገሩት። የእኛ ቤት ሲሠራ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሱ ሰዎች በዚያ መንገድ ገቡ። ውሻው አያውቃቸውም፤ አንዱን ነከሰ። ሰውየው ታክሞ ድኗል። አዛውንቱ የሕክምናውን ገንዘብ አንድ በግ ሸጠው ከፈሉ፤ ውሻውን እንዲያስሩም ተነገራቸው። ከዚያ በፊት ሌሊት ሌሊት ጓሮውን ሲዞር ያድር ነበር። ጅቡ የሚመጣው ከጓሮ፣ ከወንዙ በኩል ነው፤ ውሻው የታሰረው ከደጅ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚሰማኝ ወፍራም ጩኸት ጅቡን ሊደርስበት ያልቻለ ውሻ ጩኸት ነው። እኔ ሰው የማይወዱ ናቸው ብዬ እዚህ የጻፍሁባቸው ሰው በእኛ ቤት ምክንያት በግ ሸጠዋል፣ አንድ ቀን እንኳ አልነገሩንም። ይህን ቃል ጽፌ ስላነበባችሁት፣ ስሕተቴንም እዚሁ መጻፍ ስላለብኝ ነው የተመለስሁት።

ከቤታችን ሥራ የተረፈ ወፍራም ሽቦ ነበረን። ወንድሜ መጥቶ በጓሯቸው በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ዐሥር ሜትር ያህል ወጠረው፤ ሰንሰለቱን በቀለበት ሽቦው ላይ አንጠለጠለው። አሁን ውሻው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል። ጩኸቱ ጠፋ አልልም። ምሽቱ ጸጥ ብሏል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን አሁንም ይጮኻል፤ እናቴም ትነቃና «ጅቡ መጣ» ብላ ትዞራለች።

ሐኪም፣ የጠየቁት ክትባት አልተወሰደም፤ ሁለቱም ተከትበው አያውቁም። አዛውንቱ ፈቅደዋል። ሐሙስ ብናመጣቸው ይመችዎታል? ገብስማው ሰው ስለሚናከስ እንዴት አድርገን እንደምናመጣው ጨንቆኛል። እስከነሰንሰለቱ እናምጣው?

የእንስሳት ሐኪም ከቦሩ ሜዳ፦

አታምጡት፤ እኔ እመጣለሁ። ከገራዶ እዚህ ድረስ በማያውቀው መንገድ ከተጎተተ አንድ ሰው መንከሱ አይቀርም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ዕለቱን ምሳ አትስጡት። ሰንሰለቱን ፈትታችሁ በለስላሳ ገመድ ያዙት፤ ገመዱን የሚይዙት ራሳቸው አዛውንቱ ይሁኑ፣ እርስዎም አጠገባቸው ይቁሙ። እስከዚያ ድረስ ባሉት ቀናት የማታውን ቁራሽ እየሰጡ ከእጅዎ ያስለምዱት። ስሙን እየጠሩ።

የገራዶዋ መምህርት፦

እሺ። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። በግራ በኩል ቆሜ ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ።